ለቁፋሮ ወደ ውጭ አገር፦ የእስራኤል ጉብታ፣ ቪንዶላንዳ ወይስ ክሬዲት ያለው የመስክ ትምህርት?

የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ላይ ለመሳተፍ አገር አቋርጦ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቦታ የሚመርጠው በዝና ነው። ዝና ግን አልጋ አይሆንም፤ ከአየር ማረፊያም አያደርስም። ሁለት ሦስት ሳምንት ተንበርክኮ አፈር ሲጭር የሚከርም ሰው የሚያተርፈው ወይም የሚከስረው በሌላ ነገር ነው፦ የያዘው ፓስፖርት ምን ይፈቅድለታል? የሚሄደው በየትኛው ወር ነው? ማን ያበላዋል? አፈሩ ደረቅ ነው ወይስ ጭቃ? ሲመለስስ በእጁ የሚይዘው ወረቀት ምንድን ነው?

እዚህ የሚነጻጸሩት ሦስት ዓይነት አማራጮች ናቸው። አንደኛው በሰኔና በሐምሌ በእስራኤል ጥንታዊ ጉብታዎች ላይ የሚካሄድ፣ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመሩት የበጎ ፈቃደኞች ቁፋሮ ነው፤ ሐጾርና መጊዶ በዚህ ዓይነት ሥራ የታወቁ ናቸው። ሁለተኛው በሰሜን እንግሊዝ፣ ከሃድሪያን ግንብ በስተደቡብ የሚገኘው የሮማውያን ምሽግ ቪንዶላንዳ ነው። ሦስተኛው በጣሊያን፣ በስፔንና በመሳሰሉት የሼንገን አገሮች የሚሰጥ፣ የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት የሚያስገኝ የመስክ ትምህርት ነው። ሦስቱም ያስከፍላሉ። «በጎ ፈቃደኛ» ስለተባለ ነጻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም። ጉልበትዎንም ገንዘብዎንም ነው የሚሰጡት።

ከሁሉ በፊት ፓስፖርት

የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ለያዘ ሰው ጉዳዩ ቀላል ነው። እስራኤል ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ቪዛ የማይጠየቁ እንግዶች በኢንተርኔት ቅድመ ፈቃድ እንዲያወጡ ታስገድዳለች፤ ክፍያው 25 ሼቄል ሲሆን በአንድ ጉዞ እስከ 90 ቀን ያስቆያል። እንግሊዝም ተመሳሳይ ቅድመ ፈቃድ አላት፤ በኤፕሪል 2025 ዋጋው ወደ 16 ፓውንድ ከፍ ብሏል፤ ከመክፈልዎ በፊት የወቅቱን ዋጋ ይዩ። ሁለቱንም በመንግሥታቱ ድረ ገጽ ብቻ ያመልክቱ። መልካቸው መንግሥታዊ የሚመስል አማላጅ ገጾች ለዚያው ቅጽ እጥፍ ድርብ ያስከፍላሉ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ለሦስቱም ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ልዩነቱም እዚህ ጎልቶ ይታያል። ለእስራኤል ብዙው የቁፋሮ ተሳታፊ የሚገባው በቱሪስት ቪዛ ነው። የቁፋሮው ቡድን የሚጽፈው ደብዳቤ የማመልከቻው ምሰሶ ስለሆነ፣ ደብዳቤው የቦታውን ስም፣ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን፣ የማደሪያውን አድራሻ፣ የኃላፊውን ስልክና የመቆፈሪያ ፈቃድ መኖሩን መያዝ አለበት። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ተመዝግበዋል» የሚል ኢሜይል ደብዳቤ አይባልም።

እንግሊዝ ላይ ብዙዎች ሳያውቁት የሚገቡበት ወጥመድ አለ። የጎብኚ ቪዛ በጎ ፈቃድ ሥራን የሚፈቅደው በተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ፣ በድምሩ ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ፣ ያውም የጉዞው ዋና ዓላማ እሱ ካልሆነ ብቻ ነው። ቪንዶላንዳን የሚያስተዳድረው ባለአደራ ተቋም የተመዘገበ በጎ አድራጎት ነው፤ አንድ የቁፋሮ ዙርም ሁለት ሳምንት ስለሆነ ከ30 ቀኑ በታች ነው። የሚቀረው «ዋና ዓላማ» የሚለው ነው። ማመልከቻው ላይ «የምሄደው ለመቆፈር ነው፣ ከዚያ በቀጥታ እመለሳለሁ» ብሎ መጻፍ በራስ ላይ በር መዝጋት ሊሆን ይችላል፤ ቁፋሮውን ደብቆ መጻፍ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፣ ውሸት ከተገኘ ለዓመታት ያስከለክላልና። ትክክለኛው መንገድ ለቡድኑ አስቀድሞ ጽፎ፣ ከቪዛ አመልካች አገሮች የመጡ ተሳታፊዎች በየትኛው ምድብ እንደገቡ መጠየቅ፣ ጉዞውንም በእውነት የጉብኝት ጉዞ አድርጎ ማቀድ ነው፦ የግንቡን መንገድ፣ ሙዚየሞቹን፣ እንግሊዝ ያለ ዘመድን ጨምሮ።

ለሼንገን ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን የሚለው ሕግ ይሠራል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ወጪ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፤ የአዋቂ ማመልከቻ ክፍያ ከጁን 2024 ወዲህ 90 ዩሮ ነው። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ደግሞ ድንበር ላይ የጣት አሻራና ፎቶ የሚወስድ አዲስ የመግቢያ መውጫ ሥርዓት ስለተጀመረ ሰልፉ ረዝሟል፤ ከአውሮፕላን ወርደው ወዲያው የሚሳፈሩበት ሌላ በረራ ካለ ሰፋ ያለ ጊዜ ይተዉ። የመስክ ትምህርቱ አንድ ጥቅም ግን ቪዛው ላይም ይታያል፦ ተቋሙ የመቀበያ ደብዳቤ መጻፍ ሥራው ስለሆነ አጻጻፉን ያውቅበታል።

በሦስቱም ላይ የሚደጋገም ችግር ስም ነው። የምዝገባ ቅጹ «መጠሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ሲል የእኛ ሰው ስሙንና የአባቱን ስም ይሞላል፤ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ የአያት ስም አለ። ደብዳቤው አንድ ሰው፣ ትኬቱ ሌላ ሰው፣ ፓስፖርቱ ሦስተኛ ሰው ይሆናል። ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ ፓስፖርቱ ላይ የሰፈረውን ስም በሰፈረበት ፊደልና ቅደም ተከተል ብቻ ይጻፉ። ቀንም እንዲሁ ነው፤ 07/08 ለአሜሪካዊ ጁላይ 8፣ ለእንግሊዛዊ ኦገስት 7 ነውና ወሩን በስሙ ይጻፉት።

ከአውሮፕላኑ እስከ ጉድጓዱ

እስራኤል ውስጥ ወሳኙ ነገር የሚያርፉበት ቀን ነው። ቤን ጉሪዮን አየር ማረፊያ ከተርሚናል 3 ሥር የባቡር ጣቢያ አለ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፣ ወደ ቴል አቪቭም ቅርብ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን ባቡር ይቆማል፣ ቅዳሜ ማታ ሰንበት እስኪወጣ አይነሣም፤ አብዛኛው አውቶቡስም እንዲሁ። ተሳታፊዎች ብዙ ጊዜ የሚሰበሰቡት እሑድ ስለሆነ ትኬት ለማርከስ ዓርብ ማታ የሚገባ ሰው ያተረፈውን ለታክሲና ለሆቴል ይከፍላል። በዚያ ሰዓት ከደረሱ ሸሩት የሚባለው የጋራ ታክሲ ያድናል። ሐሙስ ወይም እሑድ ማለዳ መግባት ይሻላል። ፓስፖርት ቁጥጥር ላይ ጥያቄ ይበዛል፦ ማን ጋበዘህ፣ የት ታድራለህ፣ ማንን ታውቃለህ። አጭርና እውነተኛ መልስ፣ የታተመ ደብዳቤ፣ የመመለሻ ትኬት፣ ስልኩን የሚያነሣ ኃላፊ። ስልክዎ ውስጥ ያለ ደብዳቤ ባትሪው ሲያልቅ የለም ማለት ነው።

አገሩ ውስጥ ዘመድ ያለው ኢትዮጵያዊ ምርጫውን ካርታ ላይ ቢያይ ያተርፋል። አፉላ ከመጊዶ ደርሶ መልስ የምታስኬድ ጎረቤት ናት፤ ቂርያት ጋትና ቂርያት መላኪ ደግሞ ላኪሽና ጋት የተባሉት ጉብታዎች ካሉበት ከሸፈላ ኮረብታዎች አጠገብ ናቸው። በሦስቱም ብዙ ቤተ እስራኤል ይኖራል። ብዙ ፕሮግራሞች ከሳምንቱ መጨረሻ በስተቀር ስለሚያበሉ፣ ሰንበትን ዘመድ ቤት ማሳለፍ ወጪ ይቀንሳል፣ እንጀራም ያገናኛል።

ወደ ቪንዶላንዳ መንገዱ ረዘም ይላል እንጂ ግራ አያጋባም። ለንደን ያረፈ ሰው ከኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ወደ ኒውካስል ሦስት ሰዓት ያህል በባቡር ይሄዳል። ከኒውካስል ወደ ካርላይል የሚሄደው የታይን ሸለቆ ባቡር በሄክሳም፣ በባርደን ሚልና በሃልትዊስል ያልፋል። ካርታ ላይ ለቁፋሮው በጣም የቀረበው ባርደን ሚል ነው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ። ግን ዳገት ነው፣ ሁሉም ባቡርም አይቆምበትም፣ ከሻንጣ ጋር በዝናብ ከተጓዙት ሦስቱ ኪሎ ሜትር ስድስት ይሆናል። ኤዲ 122 የሚባል የቱሪስት አውቶቡስ በግንቡ መስመር ይመላለሳል (ቁጥሩ ግንቡ መሠራት የጀመረበት ዓመት ነው)፤ ሆኖም ዓመቱን ሙሉ ላይሠራ ይችላል፣ የመጨረሻውም ጉዞ በጊዜ ያልቃል። ስለዚህ ማደሪያ ሲመርጡ «ከቁፋሮው ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ከማለት «ጠዋት የሚያደርሰኝ አውቶቡስ አለ ወይ?» ማለት ይበልጣል። ርካሹ አልጋ ዋንስ ብሩድ ላይ ያለው የወጣቶች ሆስቴል ሲሆን ከዚያ በእግር ይደረሳል። መኪና ያለው ተሳታፊ ሄክሳም ወይም ሃልትዊስል ቢያድር ሱቅና ሐኪም በቅርብ ያገኛል።

የመስክ ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ «በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት በዚህ አየር ማረፊያ እንቀበላለን» ይላሉ። በዚያ ሰዓት ካልደረሱ በራስዎ ነው፤ ስለዚህ በዋዜማው መግባት ነው።

አንድ ነገር ለእኛ ሰው ብቻ የሚነገር፦ መርሐ ግብሩ ላይ 05:00 ሲል ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፣ 10:00 ሲል ጠዋት 4 ሰዓት። ቀልድ ይመስላል እንጂ ከአዲስ አበባ በስልክ ከሚያነጋግሩት ዘመድ ጋር «አምስት ሰዓት ላይ እንሳፈራለን» ተባብሎ መተላለፍ ቀላል ነው።

አፈሩ ምን ያስተምራል

የሦስቱ እውነተኛ ልዩነት እዚህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ገንዘብና ትዕግሥት ነው።

የእስራኤል ጉብታ ሰዎች በአንድ ቦታ ለሺህ ዓመታት እየገነቡ፣ እያፈረሱና ፍርስራሹ ላይ መልሰው እየገነቡ የቆለሉት ነው። መሬቱ 5 በ5 ሜትር እየተከፈለ ይሰመራል። በካሬዎቹ መካከል 1 ሜትር ስፋት ያለው ያልተነካ ግድግዳ ስለሚተው በትክክል የሚቆፈረው 4 በ4 ነው። ያ ግድግዳ የታሪኩ ማስረጃ ነው፤ የንብርብሩ ቅደም ተከተል ከጎን የሚነበበው እሱ ላይ ነው። ጠርዙ ላይ የተቀመጠ ወይም ባልዲ ያስደገፈ አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚጮኹበትም ለዚህ ነው።

መሣሪያው ፓቲሽ የምትባል ትንሽ የእጅ ዶማ፣ ቱሪያ የሚሏት መኮትኮቻና ጉፋ የሚሉት የጎማ ባልዲ ነው። ገል የሚገባበት ባልዲ ሁሉ መለያ ወረቀት አለው፦ ቀን፣ የካሬው ቁጥር፣ ሎከስ የሚባለው የአፈር ክፍል ቁጥር፣ የባልዲው ቁጥር። የአፈሩ ቀለም ወይም ጥንካሬ በተለወጠ ቁጥር ቁጥሩም ባልዲውም ይለወጣል። ጀማሪ የሚያጠፋው እዚህ ነው። ዓይኑ ገሉ ላይ ስለሚያርፍ ከወለሉ በላይ የነበረውንና ከወለሉ በታች ያለውን በአንድ ባልዲ ይደባልቃል፤ ያ ባልዲ ከዚያ በኋላ የትኛውንም ዘመን አይመሰክርም። መለያው የጠፋ ባልዲም ዕጣው ያው ነው። ልምድ ያለው ሰው የሚከተለው የእጁን ስሜት ነው፦ ፓቲሿ ለስለስ ካለው ወደ ጠጠር ያለው አፈር ስትገባ ድምጿ ይለወጣል፣ ያኔ ቆሞ አለቃ ይጠራል።

ከሁሉ የሚከብደው የጭቃ ጡብ ግድግዳን በዙሪያው ካለው የወደቀ ጭቃ ለይቶ ማየት ነው። ሁለቱም አፈር ናቸውና። የሚለዩት ማለዳ ፀሐይ ገና በጎን ስትመጣና አፈሩ የሌሊቱን እርጥበት ይዞ ሳለ፣ ተጠርጎ ወይም ውሃ ተረጭቶበት ነው፤ በጡቦቹ መካከል ያለው ቀጭን መስመር ያኔ ለጥቂት ደቂቃ ይታያል። ሥራው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ የሚጀመረውም ለሙቀቱ ብቻ አይደለም። ቀትር ላይ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ነጭ ነው። እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ተቆፍሮ፣ ከሰዓት በኋላ ገል ይታጠባል፣ ማታ ትምህርት አለ። ገል አጠባ አሰልቺ ነው ብለው አይዝለሉት፤ ዘመንን በድስት ከንፈርና በእጀታ መለየት የሚማሩት እዚያ ነው።

ቪንዶላንዳ በተቃራኒው የውሃና የጭቃ ትምህርት ነው። ሮማውያን ቢያንስ ዘጠኝ ምሽጎችን አንዱን በሌላው ላይ ሠርተዋል፤ አዲስ ሲሠሩ አሮጌውን የእንጨት ምሽግ አፍርሰው በሸክላ አፈርና ሣር በያዘ ቁራጭ መሬት ይደፍኑት ነበር። ያ ድፋን አየር ስላላስገባ እንጨቱን የሚያበላሸው ተሕዋስ ሊሠራ አልቻለም። በዚህ ምክንያት በእስራኤል ጉብታዎች እምብዛም የማይገኝ ነገር እዚህ በብዛት ይወጣል፦ የቆዳ ጫማ፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ ጨርቅ፣ ገመድ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ አርኪዮሎጂስቱ ሮቢን በርሊ በቀለም የተጻፉትን የእንጨት ጽላቶች አገኘ። ጽላቶቹ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው፣ የፖስት ካርድ ያህል ስስ ሰሌዳዎች ናቸው። መሬት ውስጥ ሲታዩ ከአናጢ መላጊያ የወደቀ ፍቅፋቂ ይመስላሉ፤ ሰው የሚስታቸውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ እዚያ ያለው ሕግ ሌላ ነው። ስስ እንጨት ካዩ አይጠርጉ፣ በጣት አይሹ፣ ሁለት የተጣበቁ ቁራጮችን አይለያዩ፤ ኃላፊውን ጠርተው ከነጭቃው እንዲነሣ ያድርጉ። እርጥበቱን ካጣ ይጣመማል፤ በዓይን የማይታየው ጽሑፍ የሚነበበው በኋላ በኢንፍራሬድ ፎቶ ነው። ከጥልቁ ንብርብር የወጣ ወለል ላይ የተነጠፈ ፈርን የሚባል ቅጠል ሲገለጥ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ አየር ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ዓይንዎ እያየ ይጠቁራል። ለዚህ ብቻ የሚሄድ ሰው ግን ከመመዝገቡ በፊት «የዘንድሮው ቁፋሮ አየር አልባው ንብርብር ይደርሳል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። አንዳንዱ ዙር የላይኛውን የድንጋይ ምሽግ ስለሚቆፍር ከገልና ከአጥንት ሌላ ብዙ አይወጣም። ሥራው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ገደማ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ሰዓቱ ቢያጥርም እርጥብ ሸክላ የተሞላ የእጅ ጋሪ ከደረቅ አፈር እጅግ ይከብዳል።

ሦስተኛው፣ የመስክ ትምህርቱ፣ ቁፋሮው ያነሰና ምዝገባው የበዛ ነው። የወለል ፕላን በ1፡20፣ የግድግዳ ክፍል በ1፡10 መሳል፣ ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የቅየሳ መሣሪያ ተክሎ ነጥብ መውሰድ፣ የአፈር ቀለምን በመንሴል ሠንጠረዥ ማንበብ፣ አፈር በውሃ አንሳፍፎ የከሰለ ዘር መልቀም። የሚያስደንቅ ነገር ሳያገኙ ወር ሊያልፍ ይችላል። ግን ለማስተርስ ለማመልከት ወይም በሙያው ለመቀጠር የሚያስብ ተማሪ፣ አገር ቤት ባለ የቁፋሮ ቡድን ውስጥ ቢገባ ወዲያው ሥራ ላይ የሚያውለው ይህንን ነው። ዋናው ልዩነት ይኸው ነው፦ በበጎ ፈቃድ ቁፋሮ የሚስለው አለቃው ነው፣ በትምህርቱ ግን እርስዎ ሳይስሉ አያልፉም።

ማዕድና ጾም

የእስራኤል ቁፋሮ ወቅት ለኦርቶዶክስ ተሳታፊ ከሰኔ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ጾሙ እስከ ሐምሌ 5 ይዘልቃል። ኪቡትስ በሚባለው የጋራ መንደር ውስጥ ወይም እርሻ አጠገብ የሚቀርበው ቁርስ እንቁላል፣ አይብ፣ እርጎና አትክልት ነው። እንደ እድል ሆኖ አትክልቱ ብዙ ነው። «ፓርቬ» የተባለ ምግብ ሥጋና ወተት የለበትም ማለት ነው እንጂ እንቁላልና ዓሣ ሊኖረው ይችላል፤ ለጾመኛ የሚበጀው «ቲቭኦኒ» የሚለው ቃል ነው፣ ቪጋን ማለት ነው። ይህንን ሲደርሱ ሳይሆን ሲመዘገቡ ይጻፉት፤ ወጥ ቤቱ የሚያዝዘው በሳምንት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ እስከ ቀትር ባዶ ሆድ በዚያ ፀሐይ መቆፈር ግን ራስን ማሳመም ነው፤ ከንስሐ አባትዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

ቪንዶላንዳ ማንም አያበላዎትም። ምሳዎን ራስዎ ይዘው ይሄዳሉ፣ እራትዎን ራስዎ ያበስላሉ። ሽሮና በርበሬ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይህ ጉዳት አይደለም፤ በታሸገ ዕቃ ይሁን፣ ሥጋና የወተት ውጤት ግን ወደ እንግሊዝ አይግባ፣ ክልክል ነው።

ገንዘቡን እንዴት ይቁጠሩት

የተጻፈውን የምዝገባ ዋጋ ብቻ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያሳስታል። የእስራኤሉ ክፍያ በሳምንት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ አልጋና ምግብ ውስጡ ነው። የቪንዶላንዳው ክፍያ ቁፋሮውን ብቻ ይመለከታል፤ የሁለት ሳምንት አልጋ፣ ምግብና ትራንስፖርት ሲደመርበት ያልፈዋል። የመስክ ትምህርቱ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ሲሆን ትልቁ ድርሻ የክሬዲቱ ዋጋ ነው። ክሬዲቱን የእርስዎ ዩኒቨርሲቲ የማይቀበል ከሆነ ያለ ክሬዲት መመዝገብ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ አንዳንዶች ቅናሽ ያደርጋሉ።

ከኢትዮጵያ ለሚከፍል ሰው ሌላ ጣጣ አለ፦ ቅድሚያ ክፍያው የማይመለስ ሆኖ ቪዛው ቢከለከልስ? ከመክፈልዎ በፊት «ቪዛ ከተከለከልኩ ምን ያህል ትመልሳላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። የውጭ ምንዛሪ በባንክ በኩል ለማስላክም ደብዳቤውና ደረሰኝ የሚሆን የክፍያ መጠየቂያ ያስፈልጋል፤ ይህ ሳምንታት ስለሚወስድ የመጨረሻውን ቀን ጠብቀው አይጀምሩ። የቪንዶላንዳ ምዝገባ ከወራት በፊት ተከፍቶ ቶሎ ስለሚሞላ ለዚህ ዓይነት ከፋይ አስቸጋሪው እሱ ነው።

እስራኤልን ከመረጡ ሲሰርዙት ገንዘቡ የሚመለስ ትኬት ይግዙ። በጁን 2025 ከኢራን ጋር ጦርነት ሲነሣ አየር ማረፊያው ለመደበኛ በረራ ተዘግቶ ነበር፤ የቁፋሮ ዘመኖችም ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ተሰርዘዋል፣ ተሸጋሽገዋል። ብዙ ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ የጦርነት ጉዳትን አይሸፍንም። በዌስት ባንክና በምሥራቅ ኢየሩሳሌም የሚደረግ ቁፋሮ ደግሞ ከሕግም ከሙያ ሥነ ምግባርም አንጻር ጥያቄ ይነሣበታል፤ የሙያ መንገድ የሚጀምር ተማሪ ቦታው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ካርታ አይቶ ይወስን።

ሻንጣ ውስጥ

ለሦስቱም የሚሆን፦ የእርስዎ ትራውል። ግንበኞች ሲሚንቶ ከሚለጥፉበት ያነሰ፣ ምላጩ ከአንድ ብረት ተቀጥቅጦ የተሠራና ጫፉ የሾለ ይሁን፤ እንግሊዞች 4 ኢንች፣ አሜሪካኖች 5 ኢንች ይወድዳሉ። በእጅ ሻንጣ ከያዙት ፍተሻ ላይ ይወሰዳል፣ በሚጫነው ሻንጣ ይሁን። የጉልበት መከላከያ ስፖንጅ፣ የቆዳ ጓንት፣ አስቀድሞ የተለማመዱት ጫማ። አዲስ ቡትስ አድርጎ የመጣ ሰው በሦስተኛው ቀን ተረከዙ ተልጦ ገል አጣቢ ይሆናል። የቴታነስ ክትባት አሥር ዓመት ካለፈው ያሳድሱት፤ ዝገትና አፈር የዕለት ጓደኛ ናቸው። ኢንሹራንስዎ የጉልበት ሥራን አልሸፍንም የሚል አንቀጽ እንደሌለው ያንብቡ።

ለእስራኤል ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ስስ ሸሚዝና ቢያንስ 3 ሊትር ውሃ የሚይዝ ዕቃ። ቆዳችን ጥቁር ነውና ፀሐይ አይጎዳንም የሚለው ወሬ በቤት ሻን ሸለቆ 40 ዲግሪ ሲያልፍ አይሠራም። ውሃ ብቻ እየጠጡ ጨው ካልወሰዱ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ያኔ ጥላ ፍለጋ እንጂ ጀግንነት አያስፈልግም። ሙቀት የሚከብደው ሰው ማታ ቀዝቀዝ የሚለውን ኮረብታማውን አካባቢ ይምረጥ፤ የባሕሩ ዳር ሌሊቱንም ይወብቃል። ለቪንዶላንዳ ደግሞ ከላይም ከታችም ውሃ የማያስገባ ልብስ፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲና ጭቃ የሚችል ቦት ጫማ፤ ሐምሌ ነው ብለው አይታለሉ።

ለሳምንታት ቁፋሮ ከመመዝገቡ በፊት አቅሙን መፈተን ለሚፈልግ ቱሪስት እስራኤል ውስጥ ቤት ጉቭሪን ማሬሻ ላይ የሦስት ሰዓት ያህል ቁፋሮ አለ። ለልጆችም ይሆናል። ለሙያ ግን አይቆጠርም።

ሲወጡ

እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ መሠረት ከ1700 (እ.ኤ.አ.) በፊት በሰው እጅ የተሠራ ማንኛውም ግኝት የመንግሥት ነው፤ የተጣለ የሚመስል አንድ ገል እንኳ። ቤን ጉሪዮን ላይ የሚደረገው ፍተሻ ጥብቅ ስለሆነ ኪስ ውስጥ የቀረ ገል በረራ ያስቀራል፣ ክስም ያመጣል። የሥራ ሱሪዎን ከማሸግዎ በፊት ኪሱን ይገልብጡ፤ ብዙው ሰው የሚያዘው ሰርቆ ሳይሆን ረስቶ ነው። ጣሊያን ውስጥም ከመሬት የሚወጣው የመንግሥት ንብረት ነው። ቪንዶላንዳ የተገኘው ሁሉ እዚያው ሙዚየም ይቀራል። ፎቶም ቢሆን ቡድኑ ሳያትመው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አይለጠፍም፤ አዲስ ግኝት የለጠፈ ተሳታፊ በማግስቱ ሊባረር ይችላል።

የድጋፍ ደብዳቤ ከፈለጉ ከመጨረሻው ቀን በፊት፣ የካሬዎን አለቃ በአካል ይጠይቁ። ዋናው ዳይሬክተር ስምዎን አያውቅም፤ ባልዲዎ ላይ መለያው በትክክል መጻፉን ያየው አለቃዎ ነው። የሠሩባቸውን ቀናት፣ የካሬውን ቁጥርና የተማሯቸውን ሥራዎች በአንድ ገጽ ጽፈው ይስጡት፤ ወቅቱ ሲያልቅ ሁሉም ዕቃ ጠቅልሎ ይበተናል፣ ኢሜይልም እስከ ቀጣዩ ዓመት መልስ ላያገኝ ይችላል።